ሕፃናትን በእጅ ሥራ፣ በጨዋታና በመዝሙር ስለ ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ስናደርግ ለወጣቶች መምህር ይመደባል፤ ለመዘምራን የጥናት ሰዓት ይቆረጣል። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ግን ከፊት ተደርድረው ለትልልቆች የተዘጋጀውን ትምህርት እንዲሰሙ ይደረጋል። ጥቂት ቆይተው መቁነጥነጥ ሲጀምሩ «ዝም በሉ!» ይባላሉ፤ ዝም ካላሉም ወደ ውጭ ይወጣሉ። ይህ በአንድ አጥቢያ ብቻ የሚታይ ሳይሆን በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ሕፃኑም ከዚህ የሚማረው ነገር ቢኖር የእግዚአብሔር ቃል የሚነገረው ለትልቅ ሰው ብቻ መሆኑን ነው። በልጅነት የተማሩት ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ለሕፃናት በእጅ ሥራ፣ በጨዋታና በመዝሙር እንዴት ማስተማር እንደምንችል በመጠኑ እንመለከታለን።

ሀ. ሕፃናት የማን ድርሻ ናቸው?

አንዳንዶቻችን «ሕፃን ምን ያውቃል? ሲያድግ ይማራል» እንላለን። የቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ግን እንዲህ አይልም። በ1965 ዓ.ም. የወጣውና ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው ቃለ ዓዋዲ ሰንበት ትምህርት ቤትን በሰበካ ጉባኤ ሥር ሲያደራጅ አባልነቱን ከአራት ዓመት ይጀምራል። ጌታችንም ሕፃናትን ወደ እርሱ ሲያመጡ ደቀ መዛሙርቱ በከለከሉ ጊዜ የተቆጣው በሕፃናቱ ሳይሆን በከልካዮቹ ላይ ነበር (ማር. 10፥13-16)። አቅፎም ባረካቸው እንጂ አድገው እንዲመለሱ አልነገራቸውም። እንግዲህ ጥያቄው «ሕፃናትን እናስተምር ወይ?» ሳይሆን «እንዴት እናስተምር?» የሚለው ነው።

ለ. የዮርዳኖስ ድንጋዮች

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ እናገኛለን። እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ ከተሻገሩ በኋላ እግዚአብሔር ኢያሱን ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ከወንዙ መካከል አስወጥቶ እንዲያቆም አዘዘው። ምክንያቱም በኢያሱ ምዕራፍ 4 ተገልጿል፤ ይኸውም ልጆች ድንጋዮቹን አይተው ምን እንደ ሆኑ ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ነው። የፋሲካው ሥርዓትም ልጆች እንዲጠይቁ የሚያደርግ ሆኖ ተሠርቷል (ዘጸ. 12፥26)።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እናስተውል። መጀመሪያ በዐይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ነገር አለ፤ ከዚያ የልጁ ጥያቄ ይከተላል፤ ታሪኩ የሚነገረው በመጨረሻ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ታሪኩን አስቀድመን እንናገራለን፤ ጥያቄውንም የምንጠይቀው ራሳችን ነን፤ ልጁ የሚዳስሰው ነገር ግን የለውም። የእጅ ሥራና ጨዋታ ልጁን ዝም ለማሰኘት ወይም ሰዓቱን ለማሳለፍ የሚሰጥ አይደለም። እንደ ዮርዳኖስ ድንጋዮች ጥያቄን ለመውለድ ነው። ጥያቄ የማይወልድ ጨዋታ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ጥያቄ ሳይኖር የተነገረ ታሪክም በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሐ. አባቶቻችን ያቆዩልን

ይህ የማስተማር ዘዴ ከውጭ የመጣ የሚመስለው ካለ በዓላቶቻችንን ይመልከት። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ችቦ ያበራሉ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይቀበላሉ። መምህራን እንደሚያስረዱን የጅራፉ ድምፅ በተራራው ላይ የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦው የታየውን ብርሃን ያስታውሳል፤ ሙልሙሉም ብርሃኑን አይተው በመስክ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው ይዘውላቸው የሄዱትን ዳቦ ያመለክታል (ማቴ. 17)። በሆሣዕና ልጆች ከቆላ ከመጣው ዘንባባ ቀለበትና መስቀል ሠርተው በጣታቸውና በግንባራቸው ያስራሉ። በልደት እረኞች የምሥራቹን ሰምተው መደሰታቸውን በማሰብ የገና ጨዋታ ይጫወታሉ። ለዘመን መለወጫ ወንዶቹ ሥዕል ሥለው፣ ሴቶቹ አበባ ይዘው ይዞራሉ። እነዚህ ሁሉ የእጅ ሥራ፣ ጨዋታና ዜማ ናቸው።

የየኔታ ትምህርት ቤትም ቢሆን ዜማ የሌለበት አይደለም። ልጆች ፊደሉን የሚቆጥሩት በአንድነት በዜማ ነው፤ ትልቁ ልጅም ትንሹን ያስቆጥራል። በማኅሌት ሊቃውንቱ በመቋሚያ ሲዘሙ፣ ከበሮና ጸናጽል ሲመታ እጅም እግርም ድምፅም አብረው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ በተጨነቀ ጊዜ ልቡን የመለሰው ከዛፍ ላይ ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ የወጣችው ትል መሆኗን ሁላችንም ሰምተናል። መምህሩ በቃል ያላስረዳውን በዐይኑ አይቶ ተረዳው።

በውጭው ዓለም የሕፃናት ትምህርት ታሪክ ስሙ የሚጠራው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል በእጅ ሥራ፣ በጨዋታና በመዝሙር የሚያስተምርበትን ቤት ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው፤ በ1840ም «የሕፃናት የአትክልት ሥፍራ» የሚል ስም አወጣለት። በአማርኛ አፀደ ሕፃናት የምንለው ይህንኑ ስም ነው፤ አፀድ ማለት የአትክልት ሥፍራ ነውና። ፍሮበል ለሕፃናቱ ኳስና ከእንጨት የተጠረበ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያስጨብጣቸው ነበር። እኛም ከዚህ ትምህርት ብንወስድ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የምናስጨብጠው ነገር ከሩቅ የሚመጣ መሆን የለበትም።

ነገር ግን አንድ የሚያሳስብ ጉዳይ አለ። መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ይህ ያስደስታል። ይሁን እንጂ ጅራፍ የሚያጮኸውን ልጅ «ለምን ታጮኻለህ?» ብንለው «ቡሄ ስለ ሆነ» ከማለት የማያልፍ ከሆነ በዓሉ በመዝገብ ቢጻፍም በልጁ ልብ አልተጻፈም ማለት ነው። ጨዋታው ከነታሪኩ ነበር የተሰጠን፤ ታሪኩን ከጨዋታው ለይተን ጨዋታውን ብቻ ያወረስን እንዳንሆን ያሰጋል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ሥራ እንግዲህ አዲስ ጨዋታ መፍጠር ብቻ ሳይሆን ልጁ ለሚያውቀው ጨዋታ ታሪኩን መመለስም ነው።

መ. በመንዝ ምድር በእጃችን ያለው

ብዙ ጊዜ «መሣሪያ የለንም፤ ባለ ቀለም ሥዕልና ወረቀት ከከተማ ካልመጣ አንችልም» ሲባል እንሰማለን። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የበግና የገብስ አገር ናት። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በአብዛኛው የእረኞችና የገበሬዎች ታሪክ ነው። የአምስት ዓመት የመንዝ ልጅ ግልገል ጠብቋል፤ እናቱ ጠጉር ስትፈትል፣ አባቱ ወይም ጎረቤቱ ባና ሲሸምን አይቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አራት ትምህርቶች ለአብነት እናቀርባለን።

1ኛ. የጠፋው በግ (ማቴ. 18፥12-14፤ ሉቃ. 15፥3-7)። ጠጉር ሲነደፍ የሚተርፈውን ቁራጭ እንሰብስብ። ልጆቹ ጭቃ አድቦልቡለው አራት የስንደዶ እግር ይተክሉለታል፤ ጠጉሩን በላዩ ይለጥፉበታል፤ በግ ሆነ። መቶ መሥራት አያስፈልግም፤ ትንሽ ልጅ መቶ አይቆጥርምና ዐሥር ይበቃል። ከዚያ አንዱን ደብቀን ኩኩሉ እንደሚጫወቱ ሁሉ ይፈልጉት። ሲገኝ ያገኘው ልጅ በትከሻው አድርጎ ያምጣው፤ ሁሉም አጨብጭበው ይቀበሉት። ታሪኩ የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው። ከታሪኩ በኋላም እኛ ያዘጋጀናትን ይህችን አጭር መዝሙር ማስጠናት ይቻላል፤

መቶ በጎች ነበሩት፤
አንዲቱ ጠፋችበት፤
ፈልጎ ፈልጎ አገኛት፤
በትከሻው ተሸከማት።

ይህን ትምህርት ስናስተምር አንዲት ትንሽ ልጅ «ዘጠና ዘጠኙን ማን ጠበቃቸው?» ብላ ጠየቀችን። በግ ጠብቆ የማያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ በተራራ ላይ የተተዉ በጎች ቀበሮ እንደሚነጥቃቸው የምታውቅ እረኛ ግን ትጠይቃለች። ጥያቄውን ይዘን ወደ መምህራችን ብንሄድ ከአንድምታው ተርጉመው ነገሩን። ዘጠና ዘጠኙ በሰማይ ያሉት ነገደ መላእክት ናቸው፤ የጠፋችው አንዲቱ አዳም ከነልጆቹ ነው፤ እረኛው ክርስቶስም የቀሩትን ያለ ጠባቂ በትኖ የሄደ አይደለም፤ እነርሱ ቀበሮ በማይደርስበት ስፍራ ናቸው። በሚቀጥለው እሑድ መልሱን ስንነግራት «እንግዲያስ ደኅና ናቸው» አለች። ሕፃን ምን ያውቃል ለሚሉ ሁሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

2ኛ. ዳዊትና ጎልያድ (1ኛ ሳሙ. 17)። ልጆቻችን ቅልብልቦሽ የሚጫወቱት በአምስት ጠጠር ነው፤ ዳዊትም ከወንዝ የመረጠው አምስት ድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አምስት ለስላሳ ጠጠር ይልቀም። ጠጠሩን አንድ በአንድ ባነሣን ቁጥር ከታሪኩ አንድ ክፍል እንንገር። በመጀመሪያው ጠጠር ዳዊት የአባቱን በጎች ይጠብቅ እንደ ነበር፤ በሁለተኛው አንበሳና ድብ በመጡ ጊዜ እግዚአብሔር እንዳዳነው፤ በሦስተኛው ለወንድሞቹ ቆሎና እንጀራ ይዞ ወደ ጦር ሰፈር እንደ ሄደ፤ በአራተኛው የሳኦል የጦር ልብስ ከብዶት እንዳወለቀው፤ በአምስተኛው በእግዚአብሔር ስም ወጥቶ እንዳሸነፈ እንናገራለን። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ጠጠሮቹን እያነሣ ራሱ ይተርካል። ወንጭፍ ግን አናሠራም፤ ልጆቹ ከታሪኩ መያዝ የሚገባቸው መወርወርን ሳይሆን መታመንን ነውና።

3ኛ. የኖኅ መርከብ (ዘፍ. 6-9)። መርከቡንም እንስሳቱንም ከጭቃ መሥራት ይቻላል። ልጆቹ በግ፣ አህያና በሬ ሲሠሩ በጓሳ የሚያውቁትን ጭላዳም ቢጨምሩ አንከልክላቸው። ሁሉም ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በሰልፍ ይግቡ። ስለ ቀስተ ደመና ስንደርስ ልጆቹ የሚያውቁት ስም «የማርያም መቀነት» መሆኑን እናስታውስ። ከጥለት የተረፈ ባለ ቀለም ክር ሰብስበን መቀነት እንዲጎነጉኑ እናድርግ፤ እግዚአብሔርም ለኖኅ የሰጠውን የኪዳን ምልክት በእጃቸው ባለው እናስረዳቸው። ክረምት በገባ ጊዜ ቀስተ ደመና ባዩ ቁጥር ሰማዩ ራሱ ትምህርቱን ይከልስላቸዋል።

4ኛ. ዮናስ (ትንቢተ ዮናስ 1-3)። ጾመ ነነዌ ሲቃረብ በእንቆቅልሽ ማስተማር መልካም ነው። መምህሯ «እንቆቅልሽ!» ትላለች፤ ልጆቹ «ምን አውቅልሽ!» ይላሉ። «ሳይሞት ተቀበረ፤ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት አደረ።» ካላወቁ «አገር ስጡኝ» ትላቸዋለች፤ እነርሱም እንደ ልማዳቸው አንድ አገር ጠርተው ይሰጧታል። መምህሯም «ይህስ አይበቃኝም፤ ነነዌን ስጡኝ» ብላ ትጠይቅ። «ነነዌ የት ነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ታሪኩም ከዚያ ይጀምራል።

ሠ. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ በጨዋታ ጊዜ ጌታችንን ወይም እመቤታችንን ሆኖ የሚጫወት ልጅ አንመድብ። የምሳሌው እረኛ፣ ኖኅና ነነዌ ሰዎች መሆን ይቻላል። ቅድስናን ከጨዋታ ጋር እናቀራርብ እንጂ ወደ ጨዋታ አናውርደው።

ሁለተኛ፣ ታሪክን እንደ ዕድሜው እንምረጥ። የአብርሃምና የይስሐቅ ታሪክ (ዘፍ. 22) ጥልቅ ምሥጢር ያለው ነው። ነገር ግን በዓል በመጣ ቁጥር አባቱ በግ ሲያርድ ቆሞ የሚያይ የአራት ዓመት ልጅ ቢላዋውን እንጂ ምሥጢሩን አያስብም። ይህን ታሪክ ለትልልቆቹ እናቆየው፤ ለትንንሾቹ አብርሃም በድንኳኑ እንግዶችን የተቀበለበትን (ዘፍ. 18) እንንገር። እንግዳ መቀበልን ልጆቻችን ያውቁታልና።

ሦስተኛ፣ የሕፃን ትዕግሥት አጭር ናት። ታሪኩ ከሩብ ሰዓት አይብለጥ፤ በአንድ ቀን አንድ ታሪክ ብቻ ይሁን። የጠዋቱ ውርጭ ሳይለቅ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን «አልሰማ አሉ» አንበል፤ ፀሐይ የሞቀው ቦታ እንምረጥ።

አራተኛ፣ የልጁን ሥራ አናሹፍበት፣ ከሌላውም ልጅ ሥራ ጋር አናወዳድርበት። እግሩ ሦስት የሆነ በግ ቢሠራም በግ ነው።

አምስተኛ፣ አንዳንድ አባቶች «ቤተ ክርስቲያን የጨዋታ ቦታ አይደለችም» ቢሉን በአክብሮት እንስማቸው፤ ስጋታቸው እውነት አለበትና። ስለዚህ ትምህርቱ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ፣ ከቤተ መቅደሱ ራቅ ባለ ቦታ ይሁን፤ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት ይዘጋ፤ የምናስጠናውን መዝሙርም አስቀድመን ለካህናት እናሰማ። አባቶች ቀርበው የሚያዩት ሥራ አያስጠረጥርም። እንዲያውም አንድ አባት መጥተው ከልጆቹ ጋር ጭቃ ቢያድቦለቡሉ ከእኛ ከወጣቶቹ ንግግር ሁሉ ይበልጣል።

ረ. መመዘኛው

ሥራችን ፍሬ ማፍራቱን በምን እናውቃለን? ልጆቹ በመሳቃቸው ወይም በመብዛታቸው ብቻ አይደለም። የጠጉሩን በግ ይዞ ወደ ቤቱ የሄደውን ልጅ እናቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀው ምን ይመልሳል? «በግ ነው» ብቻ ካለ ጭቃ ማድቦልቦል ተምሯል። «ጠፍቶ የተገኘው ነው፤ እረኛው በትከሻው ተሸከመው» ካለ ግን ወንጌል ተምሯል፤ እናቱንም አስተማረ። በኢያሱ ዘመን ልጅ ጠያቂ፣ ወላጅ መላሽ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ብዙ ወላጆች ጠያቂ፣ ልጆች መላሽ ሊሆኑ ይችላሉ። በሥራ ብዛት ከጉባኤ የራቀች እናት በልጇ እጅ በገባ በግ አማካይነት ቃሉን ብትሰማ ትርፉ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ እኅቶችና ወንድሞች፣ ከመካከላችን ለሕፃናቱ የሚመደብ ሰው ሲመረጥ «ሌላ ሥራ የማይችል ይሁን» አይባል። ለሕፃን ማስተማር ታሪኩን ከሁሉ ይልቅ በሚገባ ማወቅን ይጠይቃል፤ በአጭሩ መናገር የሚችለው የገባው ሰው ብቻ ነውና። በሚቀጥለው እሑድ የምንችል ሁሉ ከየቤታችን የጠጉር ቁራጭ፣ የክር ትራፊ፣ ስንደዶና ጠጠር ይዘን እንምጣ። ገንዘብ አያስወጣንም። ሕፃናቱንም ከፊት ለፊት ደርድረን ዝም ከማሰኘት ይልቅ ጥያቄያቸውን ለመስማት አብረናቸው መሬት ላይ እንቀመጥ።

ሕፃናትን አቅፎ የባረከ አምላክ ሥራችንን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።